ዐፄ ካሌብና ወደ ኢየሩሳሌም የተላከው ዘውድ

የታዜና ልጅ ዐፄ ካሌብ፥ በመንግሥት ስሙ እለ አጽብሐ፥ በስድስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአክሱም ዙፋን ተቀምጦ ሲገዛ፥ ሰዎች ለንጉሥ ከሚመኙት ነገር የጐደለበት አልነበረም። የአዱሊስ ወደብ በእጁ ነበረ፤ ወርቁና የዝኆን ጥርሱ በቀይ ባሕር ወደ ሩቅ አገር ይጫን ነበር፤ የወርቅ ገንዘብም በስሙና በመልኩ ይመታ ነበር። ዮሐንስ ማላላስ የተባለው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ፥ ከቊስጥንጥንያ የመጣ መልእክተኛ ያየውን ሲተርክ፥ ንጉሡ በወርቅ በተለበጠና አራት ዝኆኖች በሚስቡት ሠረገላ ላይ ቆሞ፥ ወርቅ የገባበት የተልባ እግር ጥምጥም ጠምጥሞ፥ በአንገቱና በክንዱ ወርቅ አድርጎ፥ በዕንቊ አጊጦ እንደ ተቀበለው ጽፏል።

ስሙን ያስጠራው ግን የናግራን ነገር ነው። እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ523 ዓ.ም.፥ በግእዝ መጻሕፍት ፊንሐስ በዓረቦችም ዘንድ ዙ ኑዋስ የሚባለው የሐሜር ንጉሥ፥ የናግራንን ክርስቲያኖች ከአለቃቸው ከቅዱስ ኂሩት ጋራ ፈጃቸው። ካሌብም ይህን በሰማ ጊዜ ለዘመቻ ተነሣ። አስቀድሞ ግን ከአክሱም አጠገብ በኮረብታ ላይ በጠባብ በኣት ወደሚጸልየው ወደ አባ ጰንጠሌዎን ሄዶ በረከት እንደ ተቀበለ ገድሉ ይናገራል። አባ ጰንጠሌዎን ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ ነው፤ በዚያች በኣት 45 ዓመት ቆሞ እንደ ኖረ ይነገራል። ባሕር የማይወስነው ንጉሥ፥ ከመቆሚያ በቀር ሥፍራ ከሌለው ሰው ዘንድ ርዳታ መለመኑን ልብ ማለት ይገባል፤ የኋለኛው ነገር ሥሩ ከዚህ ሳይሆን አይቀርምና።

በዚሁ አቈጣጠር በ525 ዓ.ም. ባሕር ተሻግሮ ድል አደረገ፤ በሐሜርም ቤተ ክርስቲያን አሠራ፤ ሱሙያፋ የሚባለውን ክርስቲያን በዚያ አንግሦ ተመለሰ። ነገር ግን ድሉ አልጸናም። ፕሮኮፒዮስ እንደ ጻፈው፥ ከሠራዊቱ ብዙዎቹ የአገሩን ልማት አይተው በዚያው ቀሩ፤ ኋላም ንጉሡን አስረው አብርሃን አነገሡ። ካሌብ ከዘመዶቹ አንዱን አለቃ አድርጎ 3000 ጭፍራ ቢልክ፥ ጭፍሮቹ ውጊያው ሲጀመር አለቃቸውን ገድለው ወደ አብርሃ ገቡ። ሁለተኛም የተላከው ጦር ተሸንፎ ተመለሰ። ስለ ሰማዕታት ደም የተጀመረው ዘመቻ በለም መሬት ምኞት ተፈጸመ።

ከዚህ በኋላ ያደረገውን የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ጠብቆታል። ዘውዱን በጌታችን መቃብር ደጃፍ እንዲሰቀል ወደ ኢየሩሳሌም ሰደደ፤ መንግሥቱንም ለልጁ ለገብረ መስቀል ተወ። ከቤተ መንግሥቱ ዕቃ የሚተኛበትን ምንጣፍና የሚጠጣበትን ጽዋ ብቻ ይዞ ወደ አባ ጰንጠሌዎን ገዳም ወጣ፤ መንኲሶም በጾምና በጸሎት ኖረ።

ይህን ያደረገው በሽንፈት ሐዘን ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ሐዘን አልነበረበትም ማለት አይቻልም፤ ንጉሥም ሰው ነውና። ዳሩ ግን የተሸነፈ ንጉሥ ልማዱ ቂሙን ይዞ ሦስተኛ ጦር ማሰናዳት ነው። አዱሊስ ገና በእጁ ነበረች፤ ወርቁም ዝኆኖቹም አልጠፉም። ካሌብ የተረዳው ይህን ይመስላል፤ ወርቅና ጦር የሰጡትን፥ ሌላ ወርቅና ሌላ ጦር ይወስደዋል፤ በዚያች ጠባብ በኣት ያየውን ዕረፍት ግን አብርሃ ሊቀማው አይችልም ነበር።

ከአክሱም በስተ ሰሜን ምሥራቅ ባለው ኮረብታ ላይ፥ የካሌብ መቃብር የሚባል በትላልቅ ጥርብ ድንጋይ የታነጸ ሥራ ከልጁ ከገብረ መስቀል መቃብር ጐን ይታያል። የድንጋዩ አገጣጠም እጅግ የተዋበ ነው፤ ላዩ ግን ሳይፈጸም ቀርቷል። ዐፅሙ በዚያ ሳይሆን በመነኰሰበት በአባ ጰንጠሌዎን እንዳረፈ ይነገራል፤ መታሰቢያውም ግንቦት 20 ቀን ይከበራል።