ኤድዋርዶ ቢያንኪ፣ የሚላኖው ብስክሌት ሠሪ

ከሳሪስ ቁልቁል ወርዶ በቃሊቲ በኩል ወደ አቃቂ በሚዘልቀው መንገድ ግራና ቀኝ የሚገኙት የብረታ ብረትና የጥገና ቤቶች አንድ የጋራ ቋንቋ አላቸው። ጀማሪው ሠራተኛ በመጀመሪያ የሚማረው ካቻቢቴን ከፒንሳ መለየት ነው። ብረቱን በሞርሳ ያስራል፤ ቡሎኑን ያላላል፤ የተበላውን ኩሽኔታ ያወጣል፤ ጎማ የፈነዳበት ሰው ሲመጣም ወደ ጎሚስታው ይመራዋል። ብስክሌት የሚለው ቃል ራሱ የእነዚህ ወንድም ነው። ሁሉም የኢጣሊያን ቃላት ሲሆኑ፣ በአያሌው የገቡትና የተስፋፉት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዘለቀው የወረራ ዘመን፣ ከዚያም በኋላ በአገሩ ቀርተው ጋራዥ በከፈቱ ኢጣሊያውያን አማካይነት ነው። ቃሉ እየተወረሰ ሲሄድ ዕቃውን አስቀድሞ የሠራው ሰው ግን አልታወቀም። ስማቸው በብስክሌት አንገት ላይ ተለጥፎ ዓለምን ከዞሩት ሠሪዎች አንዱ ኤድዋርዶ ቢያንኪ ነበር። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ያልተጻፈባቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

ቢያንኪ የተወለደው ሐምሌ 17 ቀን 1865 በሚላኖ ከተማ ነው። ወላጆቹን በሕፃንነቱ አጥቶ ማርቲኒት በሚባለው የከተማው የወንዶች እጓለ ማውታን ማሳደጊያ ውስጥ አደገ። ማሳደጊያው ለልጆቹ የዕለት እንጀራ ብቻ ሳይሆን የእጅ ሙያም የሚሰጥ ተቋም ስለነበር፣ ብላቴናው ገና በ8 ዓመቱ ወደ ብረት ሥራ ቤት ገባ። የተማረው ከወናፉና ከመዶሻው ሥር ነው።

በ1885፣ 20 ዓመት በሞላው ጊዜ፣ በሚላኖ ኒሮኔ በሚባለው መንገድ በቁጥር 7 አንዲት ጠባብ የሥራ ቤት ከፈተ። መጀመሪያ ከሠራቸው ዕቃዎች መካከል የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎችና የኤሌክትሪክ ደወሎች ይገኙባቸዋል። የሕይወት ታሪኩን የሚተርኩ ሰዎች ይህን ምዕራፍ እንደ ማለፊያ ደጃፍ ቆጥረው ይዘሉታል፤ ሊዘለል ግን አይገባውም ነበር። ለሐኪም የሚሆን መቆንጠጫ የሠራ እጅ ስለ ልክ ያለው አስተያየት በር ማጠፊያ ከሚሠራው እጅ የተለየ ነው። የብስክሌት ኩሽኔታ ጥይቶች መጠናቸው በጥቂቱ እንኳ ቢለያይ ሸክሙ ሁሉ በትልቆቹ ላይ ያርፍና ፈጥነው ያልቃሉ። ቢያንኪ ወደ ብስክሌት ሲሻገር ይዞት የገባው ሀብት ገንዘብ ሳይሆን ይህ የልክ ልማድ ነበር።

በዚያን ዘመን በየከተማው ይታይ የነበረው ብስክሌት የፊት ጎማው ከሰው ደረት የሚደርስ፣ የኋላው ደግሞ ትንሽ የሆነ አስፈሪ መሣሪያ ነበር። የጎማው ትልቅነት ለጌጥ አልነበረም። ፔዳሉ በቀጥታ ከፊት ጎማው እምብርት ጋር ስለሚያያዝ፣ አንድ ጊዜ ሲረገጥና ሲዞር ጎማው የሚጓዘው የራሱን ዙሪያ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ መፍጠን የፈለገ ሰው ትልቅ ጎማ ላይ ከመውጣት ሌላ ምርጫ አልነበረውም። አግድም ስፋቱ 150 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጎማ በአንድ ዙር 4.7 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከፊት 46፣ ከኋላ 20 ጥርስ ያላቸውን መዘውሮች በሰንሰለት ብናገናኝ ግን አግድም ስፋቱ 65 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሆነ ጎማ በአንድ የፔዳል ዙር ያንኑ ርቀት ይጓዛል፤ ነጂውም እግሩን መሬት ማድረስ ይችላል። እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ በዚሁ በ1885 ሮቨር የተባለውን ባለ ሰንሰለት ብስክሌት ለገበያ አቀረበ። በ1888 ደግሞ ጆን ቦይድ ደንሎፕ በቤልፋስት አየር የሚነፋ ጎማ አወጣ። ቢያንኪ የሁለቱም ፈልሳፊ አይደለም። የእርሱ ድርሻ አዲሱን ነገር ፈጥኖ ማወቅ፣ ጎማውን ማሳነስና ማስተካከል፣ በአየር የሚነፋውንም ጎማ ከኢጣሊያ ሠሪዎች ሁሉ ቀድሞ በሥራ ላይ ማዋል ነበር። ፈልሳፊና ሠሪ አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ግን ብዙውን ጊዜ ከሚገባው ያነሰ ክብር ያገኛል።

በ1895 ቢያንኪ በሞንዛ ወደሚገኘው ቤተ መንግሥት ተጠርቶ የንጉሥ ኡምቤርቶ ባለቤት ለሆነችው ለንግሥት ማርጌሪታ ብስክሌት መንዳት አስተማረ፤ ለሴት ቀሚስ እንዲመች አድርጎ የሠራውንም ብስክሌት አቀረበ። በዚህም የቤተ መንግሥት ዕቃ አቅራቢ የሚል ማዕረግ አገኘ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የኡምቤርቶ ጦር አምባላጌ ላይ ተመታ፤ በተከታዩ ዓመት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ደግሞ አድዋ ላይ ድል ሆነ። ንግሥቲቱ በአትክልት ሥፍራዋ ብስክሌት በምትለማመድበት ወራት የባሏ መንግሥት በሌላ አገር ምን ያደርግ እንደነበር የኢትዮጵያ አንባቢ ሳያስታውስ ሊያልፍ አይችልም።

ከዚያ በኋላ ሥራው በፍጥነት ሰፋ። በ1899 ጆቫኒ ቶማዜሊ በቢያንኪ ብስክሌት የፓሪስን ታላቅ ሽልማት አሸነፈ፤ ፋብሪካውም ውድድር ከማናቸውም ማስታወቂያ የበለጠ እንደሚሸጥ ተረዳ። ሞተር ሳይክልና አውቶሞቢል ተከተሉ። በ1914 የአንድ ዓመት ምርቱ 45,000 ብስክሌት፣ 1,500 ሞተር ሳይክልና 1,000 አውቶሞቢል ደርሶ ነበር። የማሳደጊያው ልጅ በ30 ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ከአንዲት ጠባብ ክፍል እዚህ ደረሰ።

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፋብሪካው በርሳልዬሪ ለሚባሉት ፈጣን እግረኞች የሚታጠፍ፣ በጀርባ የሚታዘል ብስክሌት ሠራ። በ1930ዎቹም ለጦር ሠራዊቱ ሞተር ሳይክል አቅርቧል። ኢትዮጵያን የወረረው መንግሥት ደንበኛው ነበር ማለት ነው። ይህ የእጁን ብልሃት አይቀንስም፤ ስለ እርሱ በሚጻፍ ታሪክ ውስጥ ተሸሽጎ ሊታለፍ ግን አይገባም። በእርግጥ ብስክሌቱ ራሱ ለሠሪዎቹ መንግሥት ብቻ ታማኝ ሆኖ አልቀረም። በ1939 አስመራ ላይ ኢጣሊያውያንንና ኤርትራውያንን ባወዳደረው ግጥሚያ ገብረማርያም ገብሩ ቀዳሚ ሆነ። በ1956 ሜልቦርን ላይ በተደረገው ኦሊምፒክም የኢትዮጵያ ብስክሌተኞች ተሰለፉ።

የእንዲህ ዓይነቱን ፋብሪካ ታሪክ መልሶ መገጣጠም ቀላል አይደለም። በ1943 በሚላኖ ላይ የወረደው የቦምብ ናዳ የቢያንኪን ፋብሪካም አልማረም። ስለዚህ አሮጌ ብስክሌት የሚመረምር ሰው መዝገብ ሳይሆን ብረት ማንበብ ይኖርበታል፦ በብረት ክፈፉ ላይ የተመታውን ቁጥር፣ በመሪው ሥር የተለጠፈውን ባለ ዘውድ ንስር፣ የቱቦዎቹን መጋጠሚያ፣ በፍሬኑና በፔዳሉ ላይ የተቀረጸውን የሌሎች ሠሪዎች ምልክት። አንዱ ክፍል በኋላ ተለውጦ ከሆነ ዘመኑ ይዛባል፤ ስለዚህ አንድ ምልክት ብቻውን አይታመንም። የፋብሪካው መለያ የሆነው ቀላል አረንጓዴ ያዘለ ሰማያዊ ቀለም እንኳ ሦስት ታሪክ አለው፦ ከንግሥቲቱ ዓይን የተቀዳ ነው የሚሉ አሉ፤ የሚላኖ ሰማይ ነው የሚሉ አሉ፤ ከጦር ሠራዊት የተረፈ ቀለም ተደባልቆ የተገኘ ነው የሚሉም አሉ። ሦስተኛው የሥራ ቤት ጠረን ስላለው ለሙያተኛ ጆሮ ይበልጥ ይስማማል። ባቡር በ1915 ከደረሰባት ጊዜ ጀምሮ የእንዱስትሪ ሠፈር እየሆነች በመጣችው አቃቂም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ከጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ አንሥቶ መለዋወጫና የእጅ መሣሪያ እስከሚያመርተው ድረስ፣ በዚያ የተቀለጠና የተቆረጠ ማርሽ ሁሉ ቁጥር ቢመታበትና የሠሪው ስም በመዝገብ ቢሰፍር ወጪው ኢምንት ነው።

ኤድዋርዶ ቢያንኪ ከመኪና አደጋ በኋላ ሐምሌ 3 ቀን 1946 ቫሬዜ ላይ በ80 ዓመቱ አረፈ። ፋብሪካው ፈርሶ እንደገና በሚነሣበት ወራት ነበር፤ ኃላፊነቱን ልጁ ጁዜፔ ተረከበ። በ1949 ፋውስቶ ኮፒ በቢያንኪ ብስክሌት የኢጣሊያንና የፈረንሳይን ዙር በአንድ ዓመት አሸነፈ፤ በ1952ም ደገመው። አሮጌው ሰው ይህን አላየም። በ1955 የአውቶሞቢሉ ክፍል ከፊያትና ከፒሬሊ ጋር ተጣምሮ አውቶቢያንኪ ተባለ፤ ብስክሌቱ በ1980 ለፒያጆ፣ በ1997 ደግሞ ለአንድ የስዊድን ኩባንያ ተላለፈ። ፋብሪካው ከሚላኖ ወጥቶ ትሬቪሊዮ በምትባል ከተማ ይገኛል።