ማሪየን ሞትሊ

ማሪየን ሞትሊ (እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 1920 – ጁን 27 ቀን 1999) በፉልባክነቱ የታወቀ አሜሪካዊ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ነበር። በ1946 ጥቁሮች ለዓመታት ወደተገለሉበት ፕሮፌሽናል ፉትቦል ከገቡት አራት ጥቁር ተጫዋቾች አንዱ ነው። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፉልባክ ሚና

በእግር ኳስ ፉልባክ ተከላካይ ነው። በአሜሪካ ፉትቦል ግን ፉልባክ የአጥቂው ቡድን አባል ሲሆን፣ የሚቆመው ጨዋታውን ከሚመራው ከኳርተርባኩ ኋላ ነው። ዋና ዋና ሥራዎቹ ሦስት ናቸው፦ ኳስ ይዞ በተከላካዮች መካከል ጥሶ መሮጥ፣ ለሌላ ሯጭ ከፊት ቀድሞ መንገድ መክፈት፣ ኳርተርባኩ ኳስ ሊወረውር ሲል የሚመጡበትን ተጋጣሚዎች ማገድ። በሩጫ የተገኘው ርቀት በያርድ (91 ሴንቲ ሜትር ገደማ) ይመዘገባል፤ የሌሎቹ ሁለት ሥራዎች ውጤት ግን በሌላ ተጫዋች ስም ይቆጠራል።

የወጣትነት ዘመን

ሞትሊ የተወለደው በጆርጂያ ክፍለ ሀገር፣ በሊስበርግ ከተማ ነው። ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ወደ ካንተን፣ ኦሃዮ ስለተዛወረ ያደገው በዚያ ነው። በማኪንሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲጫወት ዋና ተቀናቃኙ የማሲሎን ቡድን ነበር፤ አሠልጣኙም ፖል ብራውን ይባል ነበር። ሞትሊ በኋላ በኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ ተጫወተ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባሕር ኃይል ገብቶ በግሬት ሌክስ ማሠልጠኛ ጣቢያ ቡድን ውስጥ በብራውን ሥር ተሰለፈ።

በክሊቭላንድ ብራውንስ

ከ1934 እስከ 1945 በብሔራዊ የፉትቦል ሊግ (ኤን.ኤፍ.ኤል.) ውስጥ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልነበረም። በ1946 ኬኒ ዋሽንግተንና ዉዲ ስትሮድ ወደዚህ ሊግ ሲገቡ፣ ሞትሊና ቢል ዊሊስ ደግሞ አዲስ የተቋቋመውን ተፎካካሪ ሊግ በብራውን ይሠለጥን በነበረው በክሊቭላንድ ብራውንስ በኩል ተቀላቀሉ። ጃኪ ሮቢንሰን በቤዝቦል ዋና ሊግ መጫወት የጀመረው ከዚያ በኋላ በ1947 ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች በሜዳ ላይ ስድብና ሆን ተብሎ የሚፈጸም ጥቃት ደርሶባቸዋል፤ በዚያው ዓመት በማያሚ በተደረገው ግጥሚያም በዘር መድልዎና በዛቻ ምክንያት አልተሰለፉም።

ሞትሊ ቁመቱ 185 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 105 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። ኳርተርባኩ ኦቶ ግራሃም ኳስ ለመወርወር ፋታ ያገኝ የነበረው በአብዛኛው ሞትሊ ስለሚያግድለት ነው። ተጋጣሚዎች ወደ ግራሃም እየተንደረደሩ ሲመጡ ኳሱ በድንገት ለሞትሊ የሚሰጥበት ስልትም ለቡድኑ ትልቅ መሣሪያ ሆነ፤ ተከላካዮቹ ቦታቸውን ለቀው ስለሚመጡ ከፊቱ ያለው ሜዳ ባዶ ይሆንለት ነበር።

ቡድኑ ከ1946 እስከ 1949 በተከታታይ አራት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። በ1950 ወደ ኤን.ኤፍ.ኤል. ገብቶም በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫውን ወሰደ። በዚያ ዓመት ሞትሊ በ810 ያርድ የሊጉ ቀዳሚ ሯጭ ነበር። ከፒትስበርግ ጋር በተደረገው ግጥሚያ በ11 ሩጫ 188 ያርድ ሸፈነ፤ በአንድ ግጥሚያ ቢያንስ 10 ጊዜ ከሮጡት መካከል ይህ አማካይ እስከ 2002 ድረስ ክብረ ወሰን ሆኖ ቆይቷል። በሙያ ዘመኑ በ828 ሩጫ 4,720 ያርድ አስመዝግቧል፤ ይህም በአማካይ በሩጫ 5.7 ያርድ ነው።

ከጨዋታ በኋላ

የጉልበት ጉዳት ስላዳከመው በ1955 ለፒትስበርግ ስቲለርስ ለአጭር ጊዜ ተጫውቶ አቆመ። በብራውንስም ሆነ በሌላ ቦታ የአሠልጣኝነት ሥራ ቢጠይቅም አላገኘም። ጥቁሮች በሜዳ መሰለፍ ቢችሉም የአሠልጣኝነቱ በር ገና አልተከፈተላቸውም ነበር። ሞትሊ በፖስታ ቤትና በኦሃዮ የወጣቶች አገልግሎት መሥሪያ ቤት ሠርቷል።

በ1968 ባደገባት በካንተን ወደሚገኘው የፕሮፌሽናል ፉትቦል የዝና አዳራሽ ሲገባ፣ ይህን ክብር ያገኘ ሁለተኛው ጥቁር ተጫዋች ሆነ። በ1994 ደግሞ ለኤን.ኤፍ.ኤል. 75ኛ ዓመት መታሰቢያ በተመረጠው ቡድን ውስጥ ተካተተ። በ79 ዓመቱ በክሊቭላንድ በፕሮስቴት ካንሰር አረፈ።