የዘር ሊቅ የኒኮላይ ቫቪሎቭ የሕይወት ታሪክ

ሰው በጦር ሜዳ ድል ሲያደርግ ስሙ በሐውልት ላይ ይጻፋል፤ ከተማ ሲቈረቍርም መታሰቢያ ይቆምለታል። ዳሩ ግን ጦረኛውም ሹሙም ካህኑም ሁሉ በየዕለቱ የሚኖረው ገበሬው ከመሬት በሚያወጣው እህል ነው። እህልም የሚገኘው ከዘር ነው፤ ዘር ካልተጠበቀ ይጠፋል፤ አንድ ጊዜ ከጠፋም በገንዘብ አይገዛም፥ በትእዛዝም አይመለስም። ይህን ነገር አስቀድሞ ተረድቶ የዓለምን ዘር ለመሰብሰብ ዕድሜውን የሰጠ፥ ለሌላው እንጀራ ሲደክም ኖሮ ራሱ በረኃብ የሞተ አንድ ሊቅ ነበረ። እርሱም የመስኮብ አገር ተወላጅ ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ነው። የኢትዮጵያን ገብስና ስንዴ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ ካሳወቁት ሰዎች አንዱና ዋናው እርሱ ስለ ሆነ፥ ታሪኩ ለኢትዮጵያ ሰው የባዕድ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከዚህ በታች የሚነገረው ዘመን በኤውሮጳ አቈጣጠር ነው።

ቫቪሎቭ በ1887 ዓ.ም. በኅዳር ወር በሞስኮ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከባላገር ወገን ተወልዶ ወደ ከተማ የገባና በጨርቅ ንግድ የበለጸገ ሰው ነበረ። ልጁንም የንግድ ትምህርት ቤት አስገባው። ልጁ ግን ከንግድ ይልቅ የመሬትንና የአዝርዕትን ነገር ስለ ወደደ፥ በሞስኮ ወደሚገኘው ከፍተኛ የእርሻ ትምህርት ቤት ገባ። ታናሽ ወንድሙ ሰርጌይም የብርሃንን ጠባይ በመመርመር ታላቅ ሊቅ ሆነ።

የትምህርቱ መጨረሻ በቀረበ ጊዜ በ1910 ዓ.ም. ቫቪሎቭ ለመመረቂያው የጻፈው ጽሑፍ ስለ ታላቅ ነገር አልነበረም። ዛጎል ስለሌለው ቀንድ አውጣ ነበረ። ይህ ለስላሳና ደካማ ፍጥረት ሌሊት ሌሊት እየወጣ በሞስኮ አውራጃ ያለውን የእርሻ ቡቃያና የጓሮ አትክልት ይበላ ነበርና፥ ወጣቱ ተማሪ ጠባዩንና የሚያደርሰውን ጥፋት መርምሮ ጻፈ። ጽሑፉም ሽልማት አገኘ። እንግዲህ የዚህ ሰው ሥራ የተጀመረው ብዙ ሰው ረግጦት ከሚያልፈው ትንሽ ፍጥረት ነው። ከዚያም ወዲያ አሳቡ ከበላተኛው ወደሚበላው ተመለሰ። በአንድ እርሻ ላይ ጎን ለጎን ከበቀሉት አንዱን ስንዴ ዋግ ሲያጠፋው ሁለተኛው ሳይነካ የሚቀረው ስለ ምን ነው ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ኃይሉ በዘሩ ውስጥ ያለ ከሆነ፥ ያን ዘር ፈልጎ ማግኘትና ከሌላው ጋራ ማዳቀል ይቻላል ማለት ነው።

ይህን ለመማር በ1913 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ ዊልያም ቤትሰን ከሚባለው ሊቅ ዘንድ ተቀመጠ። ቤትሰን የመነኵሴውን የግሬጎር ሜንዴልን ሥራ ለዓለም ያስታወቀ ሰው ነበረ። ሜንዴል በገዳሙ አትክልት ቦታ አተር እየዘራ፥ መልክና ጠባይ ከወላጅ ወደ ልጅ በታወቀ ሥርዓት እንደሚተላለፍ አስረድቶ ነበር። ቫቪሎቭም ይህን ትምህርት እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ድረስ አልተወውም፤ በመጨረሻም ወደ እስር ቤት ያደረሰው እርሱው ነው።

በ1916 ዓ.ም. አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲደረግ፥ በፋርስ አገር የነበሩት የመስኮብ ወታደሮች እንጀራ በበሉ ጊዜ እንደ ሰከረ ሰው የሚያደርግ በሽታ ይዟቸው ነበርና ቫቪሎቭ እንዲመረምር ተላከ። ምክንያቱንም በስንዴው መካከል አገኘው፤ ይኸውም በወንጌል ምሳሌ ስሙ የሚታወቀው እንክርዳድ ነበረ። ከዚህ ሌላ ስንዴውን ሻጋታ አበላሽቶት ነበር። በዚያው ጕዞ የራሱ አገር ወታደሮች ለጠላት የሚሰልል መስሏቸው ጥቂት ቀን ይዘውት ነበረ። ከተለቀቀም በኋላ ወደ ፓሚር ተራሮች ወጥቶ በከፍታ ላይ የሚበቅለውን እህል ሰብስቦ ተመለሰ።

በ1917 ዓ.ም. በሳራቶቭ ከተማ አስተማሪ ሆኖ ተሾመ። ሁከትና የእርስ በርስ ጦርነት በነበረበት ጊዜ ሥራውን ሳያቋርጥ፥ በ1920 ዓ.ም. በሊቃውንት ጉባኤ ፊት አንድ ሕግ አቀረበ። የሕጉም ፍሬ ነገር ይህ ነው። የሚዛመዱ አዝርዕት ልዩነታቸውም ይመሳሰላል። ገብስ ባለ ጢምና ጢም የለሽ፥ ነጭና ጥቁር፥ ቅርፊቱን የሚይዝና ቅርፊቱን የሚለቅ ሆኖ ከተገኘ፥ በስንዴም ዘንድ ይህንኑ የሚመስል ልዩነት መኖር አለበት፤ እስካሁን ካልታየም ተፈልጎ ይገኛል። እንግዲህ ዘር ፈላጊ ከዚያ ወዲያ በጨለማ እንደሚዳስስ ሰው አይሆንም፤ ምን እንደሚፈልግ አስቀድሞ ያውቃል። የሰሙትም ሊቃውንት እጅግ አመሰገኑት።

በ1921 ዓ.ም. ኋላ ሌኒንግራድ በተባለችው በፔትሮግራድ የአዝርዕት መመርመሪያ መሥሪያ ቤት ሹም ሆነ። በዚያ ዓመት በአገሩ ታላቅ ረኃብ ገብቶ ነበርና ሕዝቡ እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ቫቪሎቭም ይህን ባየ ጊዜ፥ ድርቅን ብርድንና በሽታን የሚችል ዘር ከዓለም ዳርቻ ሁሉ ለመሰብሰብ ቈረጠ። ከዚያ ወዲህ አፍጋኒስታንን በፈረስ ዞረ፤ ወደ ሶርያ፥ ወደ ፍልስጥኤም፥ ወደ ቻይና፥ ወደ ጃፓን፥ ወደ ሜክሲኮና ወደ ደቡብ አሜሪካ ተጓዘ። በ1926 ዓ.ም. ባሳተመውም መጽሐፍ፥ ሰው የሚዘራው እህል የተገኘው በዓለም ሁሉ በአንድነት ሳይሆን በጥቂት አገሮች እንደ ሆነ፥ እነዚህም አገሮች አብዛኛውን ጊዜ ተራራማ እንደ ሆኑ አስረዳ። ለዚህም ሥራ በመንግሥቱ ዘንድ የተከበረውን የሌኒን ሽልማት ተቀበለ።

ከእነዚህ አገሮች አንዲቱ ኢትዮጵያ ናት ብሎ ነበርና፥ በ1927 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ ማለት በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1919 ዓ.ም.፥ ከጅቡቲ በምድር ባቡር ተነሥቶ አዲስ አበባ ገባ። በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ተቀብለው አነጋገሩት፤ ስለ አገሩም ሁኔታ በብዙ ጠየቁት። ከዚህ በኋላ ጓዙን በበቅሎ አስጭኖ ወደ ሰሜን ጕዞ ጀመረ። ጣናን፥ ጎንደርንና አክሱምን አልፎ በአሥመራ በኩል ወጣ። በየደረሰበት ከገበያው፥ ከአውድማውና ከእርሻው ዘር እየሰበሰበ፥ በየከረጢቱ ቦታውንና ከፍታውን እየጻፈ 6000 ያህል ዓይነት ላከ።

በኢትዮጵያ ያየው ነገር እጅግ አስደነቀው። በኤውሮጳ እርሻ ላይ አንድ ዓይነት ዘር ብቻ ሲታይ፥ በኢትዮጵያ ደጋ በአንድ ማሳ ውስጥ ብዙ ዓይነት ገብስ ተቀላቅሎ ይገኛል። ባለ ሁለት ረድፍና ባለ ስድስት ረድፍ፥ ነጭና ጥቁር፥ ፈጥኖ የሚደርስና የሚዘገይ፥ ቅርፊቱን በቀላሉ የሚለቅና ባላገሩ ሰነፍ ቆሎ የሚለው ሁሉ በአንድነት ይበቅላል። ይህ ላላወቀ ሰው ሥርዓት ማጣት ይመስላል፤ ለገበሬው ግን ጥበብ ነው። ውርጭ ቢወርድ ወይም ዝናም ቢቀር ወይም ዋግ ቢመጣ፥ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋልና። ደግሞም አንዱ ለቆሎ፥ አንዱ ለበሶ፥ አንዱ ለጠላ ይመረጣል። በአክሱም አጠገብም ቫቪሎቭ ጢም የለሽ ጠንካራ ስንዴ አገኘ፤ በ1920 ዓ.ም. ያወጣው ሕግ እንዲህ ያለ ስንዴ ሊኖር ይገባል የሚል ነበርና፥ ቃሉ በኢትዮጵያ ማሳ ላይ ተፈጸመ። ከዚህም ሌላ ጤፍን፥ ኑግንና እንሰትን የመሳሰሉት በዚህች አገር ለማዳ የሆኑ መሆናቸውን መሰከረ።

ቫቪሎቭ የገብስ መጀመሪያ አገር ይህ አካባቢ ይሆናል ብሎ አስቦ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ግን የዱር ገብስ በፍልስጥኤምና በሶርያ በዚያም አካባቢ እንደሚበቅል፥ ሰውም ከ10000 ዓመት ያህል በፊት በዚያ እንዳለማው አረጋገጡ። ስለዚህ ኢትዮጵያ ለገብስ የትውልድ አገሩ ሳትሆን ያሳደገችውና ያበዛችው አገር ናት። ይህም የገበሬውን ክብር ያበልጠዋል እንጂ አያሳንሰውም፤ ያን ሁሉ ልዩነት በየተራራውና በየሸለቆው እየመረጠ ያቆየው እርሱ ነውና። ጥቅሙም ኋላ በሌላ አገር ታየ። ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ ተባይ ከተክል ወደ ተክል የሚያስተላልፈው፥ የገብስን ቅጠል እያቢጫ የሚያቀጭጭ በሽታ አሜሪካን ባስቸገረ ጊዜ፥ የካሊፎርንያ ሊቃውንት በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ብዙ ሺህ ዓይነት ገብስ መረመሩ፤ በሽታውን ከቻሉት ከሞላ ጎደል ሁሉም የኢትዮጵያ ዘር ሆነው ተገኙ።

ከጕዞው ሲመለስ የቫቪሎቭ ክብር ከፍ አለ። በ1929 ዓ.ም. የአገሩ የእርሻ ሊቃውንት ጉባኤ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ። የሰበሰበውም ዘር በ1940 ዓ.ም. 250000 ያህል ደርሶ ነበር። ነገር ግን በዚያው ዘመን መንግሥቱ ገበሬውን በግድ በማኅበር ስላረሰ፥ በ1932 እና በ1933 ዓ.ም. ብርቱ ረኃብ ወረደ። ሹማምንቱም ፈጣን መድኃኒት ፈለጉ። ቫቪሎቭ ሲጠየቅ፥ አዲስ ዘር መርጦ ለማውጣት ብዙ ዓመት እንደሚያስፈልግ እውነቱን ተናገረ። ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል ሌላ ሰው ግን ዘርን በማራስና በማቀዝቀዝ ጠባዩን መለወጥ እንደሚቻል፥ ምርትም በአጭር ጊዜ እንደሚበዛ ተስፋ ሰጠ። የሜንዴልንም ትምህርት የባዕድ ሐሰት ነው እያለ ነቀፈ። እስታሊንም ይህን ሰው ወደደው፤ ደስ የሚያሰኝ ተስፋ ከሚያስጨንቅ እውነት ይልቅ ለሚያዝዝ ሰው ጆሮ ይጣፍጣልና። በ1938 ዓ.ም. ሊሴንኮ የእርሻው ሊቃውንት ጉባኤ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1939 ዓ.ም. በኤዲንበርግ የተሰበሰበው የዓለም ሊቃውንት ጉባኤ ቫቪሎቭን ፕሬዚዳንት አድርጎ መርጦት ሳለ፥ ከአገሩ እንዳይወጣ ተከለከለ።

ቫቪሎቭ ያመነበትን ቢክድ ሹመቱን ጠብቆ ለመኖር ይችል ነበር። ከባልንጀሮቹ አንዳንዶቹ ዝም አሉ፤ አንዳንዶቹም ዞሩ። እርሱ ግን አልካደም። በነሐሴ 1940 ዓ.ም. በምዕራብ ኡክራይን ዘር ሲሰበስብ ሳለ የጸጥታ ሰዎች መጥተው ያዙት። ሰላይና የእርሻ አጥፊ ነህ ተብሎ ብዙ ወራት ሌሊት ሌሊት ተመረመረ። በሐምሌ 1941 ዓ.ም. ሞት ተፈረደበት፤ በሚቀጥለውም ዓመት ፍርዱ ወደ ሃያ ዓመት እስራት ተለወጠ። የታሰረውም ቀድሞ ባስተማረባት በሳራቶቭ ከተማ ነበር። በእስር ቤት ሳለ የዓለምን የእርሻ ታሪክ ጻፈ፤ ጽሑፉ ግን ጠፋ። ለእስረኞቹም ከመቶ ሰዓት በላይ አስተማራቸው። የምስር ዘር ተመራማሪ የነበረችው ሚስቱ ኤሌና ባሩሊና በዚያችው ከተማ በድህነት ተቀምጣ ሳለ፥ ባሏ ቅርብ መሆኑን ሳታውቅ ስንቅ ወደ ሞስኮ ትልክለት ነበር። ለሕዝብ እንጀራ ለማብዛት አምስቱን የዓለም ክፍል የዞረው ሰው፥ በጥር 1943 ዓ.ም. በ55 ዓመቱ በረኃብ ደክሞ በእስር ቤት ሞተ። ከሌሎች ሙታን ጋራ በአንድ ጕድጓድ ተቀበረ።

በዚያው ጊዜ ሌኒንግራድ በጠላት ጦር ተከብባ ብዙ መቶ ሺህ ሰው በረኃብ ያልቅ ነበር። የቫቪሎቭ ደቀ መዛሙርት ግን በሩዝ፥ በስንዴና በኦቾሎኒ ከረጢት መካከል ተቀምጠው ዘሩን ከሌባ፥ ከአይጥና ከብርድ ጠበቁ። የሩዙ ጠባቂና የኦቾሎኒው ጠባቂ ሌሎችም ባልንጀሮቻቸው በረኃብ ሞቱ፤ በእጃቸው ካለው ዘር ግን አልበሉም። መምህራቸው ያስተማራቸው እህሉ የእነርሱ ሳይሆን ኋላ የሚመጣው ትውልድ መሆኑን ነበርና፥ ትምህርቱን በሞታቸው አጸኑት።

በ1955 ዓ.ም. የተፈረደበት ፍርድ ሐሰት መሆኑ ታውቆ ስሙ ነጻ ወጣ። በ1965 ዓ.ም. ሊሴንኮ ከሥልጣኑ ወረደ፤ ትምህርቱም ከንቱ መሆኑ ታወቀ። በዚህ ሁሉ መካከል ግን የመስኮብ የዘር ትምህርት ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ቀረ፤ ጉዳቱም በሊቃውንቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ጎተራ ላይ ወረደ። ቫቪሎቭ ያቆመው የዘር ቤት ዛሬ በስሙ ይጠራል። በኢትዮጵያም በ1976 ዓ.ም. የአገሩን ዘር የሚጠብቅ ማዕከል በአዲስ አበባ ተቋቁሞ፥ እርሱ በበቅሎ እየዞረ የሰበሰበው ዓይነት ገብስና ስንዴ በአገሩ ልጆች እጅ መጠበቅ ጀመረ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛው፥ በገበሬ ማሳ ላይ የሚታየው ተራ ገብስ ከአባቶች የተላለፈ ሀብት መሆኑ ነው፤ በአንድ አዲስ ዘር ብቻ ተክቶ አሮጌውን መጣል ቤተ መጻሕፍትን እንደ ማቃጠል ይቈጠራል። ሁለተኛው፥ አገር የሚያስተዳድር ሰው ሁለት መካሪዎች በመጡለት ጊዜ፥ አንዱ ድካሙንና ዘመኑን ሳይደብቅ እውነቱን ቢነግረው ሌላው ሹሙ የወደደውን ብቻ ቢነግረው፥ የሚያስቀርበው ማንን እንደ ሆነ አስቦ መለየት ይገባዋል። ደስ የሚያሰኝ ቃል መሬት አያበቅልምና።