ፖውል ኤርሊኽና የፍየሎቹ ደም

ፖውል ኤርሊኽ እ.ኤ.አ. በ1854 በፕሩሲያ፣ ሽትሬለን በተባለች ከተማ ተወለደ። ገና ተማሪ ሳለ ሕዋሳትን በቀለም እየነከረ መለየትን ሥራዬ ብሎ ያዘ።

በ1900 ግድም በፍራንክፈርት ከረዳቱ ከሞርገንሮት ጋር የፍየሎችን ደም መረመረ። የሌላ ፍየል ደም የተወጋች ፍየል የባዕዱን ቀይ ሕዋሳት የሚያፈርስ ፀረ አካል ታበጃለች፤ የራሷን ሕዋሳት ግን አይነካም። ኤርሊኽ ከዚህ ተነሥቶ ሰውነት ራሱን እንዳይመርዝ የሚጠብቅ ሥርዐት አለው ሲል ደመደመ፤ ይህንንም በላቲን ሆረር አውቶቶክሲከስ፣ ማለት ራስን መመረዝን መፍራት፣ ብሎ ሰየመው። ጥበቃው ሲጓደል በሽታ ሊከተል እንደሚችልም አልሸሸገም።

ብዙዎች ተከታዮቹ ግን ጥበቃ አለ ያለውን፣ ጉዳቱ ከቶ ሊደርስ አይችልም እንዳለ አድርገው ወሰዱት። በ1904 ዶናትና ላንድሽታይነር ብርድ ሲመታቸው ደማቸው በሚፈርስ ሕሙማን ውስጥ የገዛ ሕዋሳታቸውን የሚያጠቃ ፀረ አካል ቢያሳዩም፣ ነገሩ ለአሥርተ ዓመታት ቸል ተባለ።

ኤርሊኽ በ1908 ከሜችኒኮፍ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ በ1910 የቂጥኝን መድኃኒት ሳልቫርሳንን ለሕሙማን አበቃ፤ በ1915 ዐረፈ። በ1956 ለንደን ውስጥ እነሮይትና ዶኒያክ በሐሺሞቶ በሽታ በተያዙ ሰዎች ደም ውስጥ የገዛ እንቅርት ዕጢያቸውን የሚቃወም ፀረ አካል አገኙ። የሊቁ ቃል ግማሹ ብቻ ስለ ተሰማ፣ ሌላው ግማሽ ግማሽ ምዕት ዓመት ዘገየ።