ቀድሞ የሚያልቀው የትኛው ነው? የላቮዚዬ ሕይወትና ሚዛኑ

ኬሚስትሪ ላይ ብዙዎቻችንን የሚያስቸግረን ሊሚቲንግ ሪአክታንት ነው። ዛሬ በአንድ ሰው ታሪክ በኩል እናየዋለን።

አንትዋን ላቮዚዬ እ.ኤ.አ. በ1743 ፓሪስ ተወለደ። ሕግ ቢማርም ልቡ ወደ ሳይንስ አደላ። በ1768 የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ፤ በዚያው ዓመት ለንጉሡ ግብር በሚሰበስበው ድርጅት ድርሻ ገዛ። ሀብቱንም ለምርጥ ሚዛኖች አዋለው። ባለቤቱ ማሪ አን የላቦራቶሪ ዕቃዎቹን ትሥልለት፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፎችንም ትተረጉምለት ነበር።

በታወቀው ሙከራው 122 ግራም ገደማ ሜርኩሪ 1 ሊትር ከሚጠጋ አየር ጋር ዘግቶ ለ12 ቀናት አሞቀ። በሁለተኛው ቀን ቀይ ዱቄት ብቅ አለ፤ ለጥቂት ቀናት ጨምሮ ቆመ። ዱቄቱ ሲመዘን 2.4 ግራም ያህል ሆነ። አየሩ በስድስተኛ እጅ ገደማ ቀነሰ፤ በቀረው አየር ውስጥ ሻማ ይጠፋ ነበር። ሜርኩሪው ግን አብዛኛው እንዳለ ነው።

ይህን ያህል ሜርኩሪ እያለ ዱቄቱ ለምን ቆመ? በዛሬው ስሌት እንየው። ለ2 ሞል ሜርኩሪ 1 ሞል ኦክስጅን ያስፈልጋል። 122 ግራም ሜርኩሪ 0.61 ሞል ነው፤ ስለዚህ 0.3 ሞል ያህል ኦክስጅን ይፈልጋል። በዕቃው ውስጥ የነበረው ግን 0.009 ሞል ገደማ ብቻ ነው። ሊሚቲንጉ ኦክስጅን፣ ኤክሰሱ ሜርኩሪ ነው ማለት ነው። ኦክስጅኑ ሙሉ በሙሉ ቢገባ እንኳ ዱቄቱ ከ3.9 ግራም አያልፍም ነበር፤ ሜርኩሪውን እጥፍ ብናደርገውም ጣሪያው ያው ነው።

ፈተና ላይም እንዲሁ ነው፤ የግራም ብዛት አያታልለን። እያንዳንዱን ወደ ሞል እንቀይር፣ በቀመሩ ላይ ባለው ቁጥሩ እናካፍል፤ ትንሹ ውጤት ሊሚቲንጉን ይነግረናል። ምርቱንም ከእሱ ብቻ እናስላ።

ላቮዚዬ በ1789 ባሳተመው መጽሐፉ በኬሚካል ለውጥ ጠቅላላ ክብደት እንደማይለወጥ አስፍሯል። በዚያው ዓመት የፈረንሳይ አብዮት ፈነዳ። ሚዛኑን የገዛለት የግብር ሥራ መዘዝ ሆነበትና ሜይ 8 ቀን 1794 ከ27 ባልደረቦቹ ጋር አንገቱ ተቀላ። ዕድሜው 50 ነበር። ገንዘብም ዕውቀትም ነበረው፤ ቀድሞ ያለቀው ጊዜው ነው። እኛም መጽሐፍና ኢንተርኔት ሞልቶልናል፤ የሚያጥረን ጊዜ ነውና እሱን እንመዝን።

ወቢላሂ ተውፊቅ።