ኢብኑ ሲና፦ ጭቃ ድንጋይ ሲሆን የተመለከቱት ሐኪም

ኢብኑ ሲናን ዓለም የሚያውቃቸው በሕክምና ሊቅነታቸው ነው። ስለ ድንጋይና ስለ ተራራ አፈጣጠር የጻፉት ግን በምዕራቡ ዓለም ለረጅም ዘመን በሌላ ሰው ስም ሲነበብ ኖሯል።

ሊቁ በ370 ዓመተ ሂጅራ (980 እ.ኤ.አ.) በቡኻራ አቅራቢያ አፍሻና በተባለች መንደር ተወለዱ። በዐሥር ዓመታቸው ቁርኣንን ሐፍዘው ነበር። ገና በወጣትነታቸው የቡኻራውን ገዥ ኑሕ ኢብን መንሱርን እንዲያክሙ በመጠራታቸው የቤተ መንግሥቱ ቤተ መጻሕፍት ተከፈተላቸው።

ልጅ ሳሉ በጀይሑን ወንዝ ዳር ሰዎች ራሳቸውን የሚታጠቡበትን ጭቃ አይተው ነበር። ከ23 ዓመት ገደማ በኋላ ያ ጭቃ ለስላሳ ድንጋይ ሆኖ አገኙት። ብዙዎች አይተው ያለፉትን ይህን ነገር እርሳቸው ለማስረጃነት ያዙት።

የቡኻራ መንግሥት ከወደቀ በኋላ ከከተማ ወደ ከተማ ተንከራተቱ። በሐመዳን ወዚር ሆነው ቀን በመንግሥት ሥራ፣ ሌሊት ከተማሪዎቻቸው ጋር በጽሑፍ ይተጉ ነበር። በታሰሩ ጊዜም እንኳ ብዕራቸውን አላስቀመጡም። «አሽ-ሺፋእ» የተሰኘው ታላቅ መጽሐፋቸው የተዘጋጀው በዚህ ውጣ ውረድ መካከል ነው።

በመጽሐፉ እንዳስረዱት ድንጋይ የሚፈጠረው ጭቃ ደርቆ ሲጠጥር፣ ወይም ውሃ ሲንጠባጠብና ሲፈስ ከውስጡ የሚረጋው ነገር ሲጠነክር ነው። ተራራም የመሬት መንቀጥቀጥ ምድርን ሲያነሣ፣ ወይም ውሃና ነፋስ ለስላሳውን ሸርሽረው ጠንካራውን ሲተዉ ይገኛል። ድንጋይ ሆነው የቀሩ የባሕር እንስሳትም ምድሩ አንድ ወቅት በውሃ ተሸፍኖ እንደነበር ይመሰክራሉ። ይህ ሁሉ ከሰው ዕድሜ እጅግ የረዘመ ጊዜ ይፈልጋል።

በጂዛን ለሚያድግ ልጅ ይህን ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ከከተማዋ ማዶ የሚገኙት የፈረሳን ደሴቶች ከጥንት ኮራልና ዛጎል የተሠራ፣ ከባሕር በላይ የወጣ የኖራ ድንጋይ ናቸው። በዋዲ ጂዛን የሚወርደው ጎርፍም ተራራውን እየሸረሸረ ደለሉን በቲሃማ ሜዳ ላይ ያነጥፋል።

ኢብኑ ሲና በ428 ዓመተ ሂጅራ (1037 እ.ኤ.አ.) በሐመዳን ዐረፉ። በ1200 እ.ኤ.አ. ገደማ ስለ ድንጋይ የጻፉት ክፍል ወደ ላቲን ተተርጉሞ ከአርስቶትል ድርሰት ጋር ተቀላቀለ፤ የአውሮፓ ተማሪዎችም የግሪኩ ፈላስፋ ሥራ መስሏቸው አጠኑት። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች የዐረብኛውን መጽሐፍ ከላቲኑ ጋር አስተያይተው ሥራውን ለባለቤቱ መልሰዋል።