ዶክቶር ኧርል ሰዘርላንድና ሁለተኛው መልእክተኛ

ሰው ሲደነግጥ ጉበቱ ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ትእዛዙን የሚያመጣው አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን ነው። ትእዛዙ ወደ ሕዋሱ ውስጥ እንዴት እንደሚደርስ የገለጠልን ግን ዶክቶር ኧርል ሰዘርላንድ ነው።

ሰዘርላንድ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1915 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በካንሳስ ግዛት ተወለደ። በዚያ በታላቁ የኤኮኖሚ ውድቀት ዘመን በሆስፒታል ረዳትነት እየሠራ ኮሌጅ ተማረ፤ በ1942 ሐኪም ሆነ።

በጊዜው ብዙ ሊቃውንት ሕዋስ ከተሰበረ ሆርሞን አይሠራበትም ይሉ ነበር። እሱ ግን በ1950ዎቹ ዓመታት በክሊቭላንድ ከዶክቶር ቴዎዶር ራል ጋራ የጉበትን ሕዋስ ፈጭቶ መረመረ። የሕዋሱ ሽፋን ያለበትን ዝቃጭ ሲያወጣው ሆርሞኑ ሥራ ፈታ፤ ሲመልሰው ሠራ። ዝቃጩን ከሆርሞኑ ጋራ ሲያቆየውም፣ ቢፈላ እንኳ ኃይሉን የማያጣ ረቂቅ ነገር ተገኘ፤ ሳይክሊክ ኤ.ኤም.ፒ. ተባለ።

እንግዲህ አድሬናሊን እንደ ባለጉዳይ ከደጅ ይቆማል እንጂ አይገባም። ቃሉን ወደ ውስጥ የሚያደርሰው፣ እንደ እልፍኝ አስከልካይ ያለው ይህ ሁለተኛ መልእክተኛ ነው።

ብዙዎች ነገሩን ለዓመታት ተጠራጠሩት። ሰዘርላንድ በ1971 የኖቤልን ሽልማት ብቻውን ተቀበለ፤ በ1974 በ58 ዓመቱ ዐረፈ። አይሆንም የተባለውን ሞክሮ ማየት ምን ያህል እንደሚጠቅም ከሱ ሕይወት እንማራለን።